በልጄ ስም የመጣ ኒሻን

ሞንተፎርኖ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1953

ለተወደድከው ላቪዬሮ፣

ይህች ወረቀት አንተን፣ ባለቤትህን ኤልቪራንና ሁለቱን ሴቶች ልጆችህን በጤና ታግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔርና ስሙን የያዝከው ቅዱስ ይመስገኑ። ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ስላቆምኩ ቶሎ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ይህን ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በፖስታ አልላክሁትም። የአናጢው ልጅ ሮዚና ባሏ ዘንድ፣ አንተ ወዳለህበት ከተማ ወደ ሮዛሪዮ ስለምትሳፈር በካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ሰጥቻታለሁ። በፖስታ ስንጻጻፍ እኔ «ልጄ» እልሃለሁ፣ አንተም «እናቴ» ትለኛለህ። ዛሬ ግን የባሌ የወንድም ልጅ መሆንህን ሳልደብቅ ልጻፍልህ።

በዚህ ወር ሁለት ወረቀት ቤቴ ገባ።

አንደኛው የመቃብር ቦታው ነው። በ1927 የተቀበሩት ሁሉ ሜይ 28 ቀን ይወጣሉ ይላል፤ ቦታው ለአዳዲስ ሙታን ተፈልጓል። የቅርብ ዘመድ የፈረመለት አጽም በቤተሰቡ የግድግዳ መቃብር ይገባል። ፈራሚ የሌለው ከሌሎች ጋር ተደባልቆ በጋራ ጉድጓድ ይጣላል። ዝርዝሩ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል። በአሥራ አንደኛው መስመር «ላቪዬሮ ላቤላ፣ የዶናቶ ልጅ» ይላል። እሱ የኔ ልጅ ቬሩቾ ነው።

ይህን እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ አስፍሬው አላውቅም። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሁለታችሁም የአያታችሁን ስም ነው የወረሳችሁት፤ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ካልተጠራ ሽማግሌው እንደተቀየመ ይሞታል። ስለዚህ የኔው ላቪዬሮ ላቤላ የባሌ የቪቶ ልጅ፣ አንተ ላቪዬሮ ላቤላ የወንድሙ የዶናቶ ልጅ ተባላችሁ። የኔን ለመለየት ቬሩቾ አልነው። አንተ የፋሺስቶቹን የጥቁር ሸሚዞቹን አለቃ በዶማ እጀታ ጆሮውን ብለህ ጎተራችን ውስጥ በተደበቅህ ጊዜ፣ የኔ ልጅ ለአርጀንቲና ፓስፖርቱን አውጥቶ ቲኬቱን ይዞ ነበር። መርከቡ ሊነሣ ስድስት ቀን ሲቀረው ወባ ገደለው። ሐኪሙ የእርሻችን መንገድ ጭቃ ነው ብሎ ሳያየው የሞት ወረቀቱን ፈረመ። ቪቶ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «የሞተው የወንድሜ ልጅ ነው» ብሎ አስመዘገበ። መልካችሁ ይመሳሰል ስለነበር አንተ በልጄ ፓስፖርት ተሳፈርክ፣ አሳዳጆችህም መዝገብህን ዘጉ። ለባል ወንድም ልጅ ጥቁር የሚለበሰው ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ለበስኩ። በሰባተኛው ሰዎች ትኩር ብለው ያዩኝ ጀመር፣ አወለቅሁት። ቪቶ ሲሞት ነው መልሼ የምለብስበት ምክንያት ያገኘሁት።

ሁለተኛውን ወረቀት ይዞ የመጣው የፖሊሶቹ የካራቢኒየሪው አለቃ፣ ማሬሻሎው ነው። የሰሜን ሰው ነው፣ ከፍሪዩሊ። ጫማውን ደጃፌ ላይ ሲጠርግ ሳየው የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

«እማማ ኢንኮሮናታ፣ አይደንግጡ፣ ክፉ ነገር አይደለም» አለኝ። «ሪፐብሊኩ በውጭ አገር ላሉ ለአገራቸው ለሠሩ ሰዎች ኒሻን ይሰጣል፤ የኢጣሊያ ትብብር ኮከብ ይባላል። ለልጅዎ ታስቧል። ከእንግዲህ ካቫሊየሬ ላቤላ ነው የሚባለው። ግን ኒሻን ከመሰጠቱ በፊት የሰውየው ጸባይ በተወለደበት ቦታ ይጠየቃል፤ ደንቡ ነው።»

ተከሶ ያውቃል ወይ አለኝ። አያውቅም አልኩት። ይጠጣል ወይ አለኝ። እንደ ሰው አልኩት። «ለእናቱስ ያስባል?» አለኝ።

«ይጽፋል» አልኩት።

ቀና ሲል የቬሩቾን ፎቶ አየ። ፊት ለፊቱ የዘይት መብራቷ ትበራለች።

«ይህ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«በእኛ አገር መብራት የሚበራው ለሞተ ሰው ፎቶ ነው።»

«እኛ ባሕር ለተሻገረም እናበራለን» አልኩት። ውሸት ነው፣ ለሕያው ማንም አያበራም። እሱ ግን ለደቡብ አገር እንግዳ ነውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአጎት ሚስት አትፈርምም ብለውኛል። በመዝገቡ ለሟቹ የቀረኸው ሥጋ ዘመድ አንተ ነህ፣ የአጎቱ ልጅ። ቆንስላው ዘንድ ሄደህ «አጽሙ በአጎቱ በቪቶ መቃብር ይግባ» የሚል ወረቀት በማኅተም አሠርተህ ላክልኝ። የአባቱ ስም እንደተሳሳተ ይቅር። ከአባቱ ጎን ይተኛልኝ እንጂ ስሙን አልጠይቅህም።

እመቤታችን እጅህን ከክፉ ትጠብቅልህ።

አክስትህ ኢንኮሮናታ


ሮዛሪዮ፣ ማርች 29 ቀን 1953

ውድ እናቴ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅሽን እስማለሁ፤ የልጅ ልጆችሽም ይስሙሻል። ሮዚና ደህና ገብታለች፤ የሰጠሻትንም ተቀብያለሁ። ሳልጽፍ በመቆየቴ አትቀየሚኝ፤ ፋብሪካው ሥራ በዝቶበት ነው።

ስለ ኒሻኑ የሰማሽው እውነት ነው። እኔ አልጠየቅሁም። ከጦርነቱ በኋላ ለአገር ቤት የውኃ ቧንቧ መላኬን ቆንስሉ አይቶ ስሜን አቀረበ። ኤልቪራ ለበዓሉ ልብስ እያሰፋች ነው። የትልቋ ልጄ እጮኛ አባት «የካቫሊየሬ ልጅ ቤቴ ልትገባ ነው» እያለ በየክበቡ ያወራል። ማስቆም የምችለው ነገር አልሆነም።

ቆንስሉ ባለፈው ሳምንት ምሳ ጋብዞኝ የድሮውን ፓስፖርቴን አገላብጦ አየ። ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት ይላል። «ካቫሊየሬ፣ እርስዎ ከዚህ በጣት ሳይሆን በስንዝር ይበልጣሉ» አለኝ። «የአርጀንቲና ሥጋ ነው፣ ክቡርነትዎ» አልኩት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የበላሁትን አላስታውስም።

ስለዚህ እናቴ፣ የአጎቴን ልጅ ጉዳይ አሁን አናንሣው። ያልሽው ወረቀት ሁለቱን ስሞች በአንድ ገጽ ላይ በቆንስሉ ዓይን ፊት ያስቀምጣቸዋል። በዓሉ ይለፍና የምትዪውን ሁሉ አደርጋለሁ። እስከዚያ ያችን መብራት አጥፊልኝ። ፎቶውንም ለማንም እንዳትሰጪ፤ ከተቻለ ለኔ ላኪው።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ታዛዥ ልጅሽ ላቪዬሮ


ሞንተፎርኖ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1953

ላቪዬሮ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ቤትህስ ደህና ነው ወይ። ሁላችሁንም ጤና ይስጣችሁ።

ይህንን የወይን ጠጅ የሚያመላልሰው ሾፌር ኔፕልስ ደርሶ በአየር ፖስታ ይጥልልኛል፤ የእኛዋ የፖስታ ቤት ሴት የአድራሻ ጽሑፌን በሩቁ ታውቀዋለች። አንተም መልስህን በእሱ በኩል ላክ።

«በዓሉ ይለፍ» ብለኸኛል። በዓሉ ጁን 2 ነው፣ አጽሙ የሚወጣው ሜይ 28። በዓሉ እስኪያልፍ ልጄ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቀኑን በደብዳቤዬ ጽፌልህ ነበር። ምናልባት አላየኸው ይሆናል።

መብራቷን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁ። የቁም ሣጥኑን በር ትንሽ ከፍቼ እተወዋለሁ፣ ጭሱ እንዳያፍናት። ፎቶውን ግን አልልክም። ሌላ የለኝም።

ሐሙስ ዕለት ፋርማሲስቱ ዶን አኪሌ መጣ። ሰማንያ አልፎታል። በአንተ ጊዜ የጥቁር ሸሚዞቹ ከንቲባ እንደነበር አትረሳም። ንጉሡ ያኔ የሰጡትን የኢጣሊያ ዘውድ መስቀል ደረቱ ላይ ሰክቶ ነበር የመጣው፣ በአዘቦት ቀን።

«ኮከብ አሉት?» አለኝ፣ ሳልጋብዘው ተቀምጦ። «የእኛ መስቀል ነበር። የአያቴ ደግሞ የቅዱስ ማውሪዚዮና የላዛሮ ኒሻን ነበር፣ የጥንት የጠዋቱ። ከሁሉ የሚበልጠውን የአኑንዚያታን ሐብል ያጠለቀውን ሰው ንጉሡ ራሳቸው የአጎቴ ልጅ ብለው ይጠሩት ነበር። ዛሬ ንጉሡን አባረው፣ ዘውዱን ሽረው፣ ቧንቧ ለሚሸጥ ሰው ኮከብ ያድላሉ።»

«ድሮም እንደ ሲጋራ ለሁሉም ይታደል ነበር ይባላል፣ ዶን አኪሌ» አልኩት።

«ሲጋራውም ያኔ ጥሩ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋ። «ኢንኮሮናታ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ፣ የድሮውን ግን አልረሳም። ለልጅሽ ኪኒን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ቪቶ ሊወስድ ሲመጣ ልጁ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል አለኝ። በሳምንቱ ደግሞ ተሳፈረ አሉ። ምን ዓይነት ደም ነው ያለው? እኔ በሃምሳ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የዳነ አላየሁም።»

«እግዚአብሔር አዳነው።»

«እግዚአብሔርማ ያድናል» አለና ተነሣ። «ማሬሻሎውም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር።»

ከሄደ በኋላ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ ማንሣት አልቻልኩም።

ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የሚያስቡት ይህ ነው፤ ጁን 2 ቀን የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ መጥቶ አደባባይ ላይ የኮከቡን ቅጂ በአንተ ፈንታ እኔ ደረት ላይ ያደርጋል፤ ዋናውን ቆንስሉ እዚያ ለአንተ ይሰጣል። በቤቴ ግድግዳ ላይም «ካቫሊየሬ ላቪዬሮ ላቤላ፣ የቪቶ ልጅ፣ በዚህ ቤት ተወለደ» የሚል እብነ በረድ ይተከላል። ቬሩቾ እውነትም እዚህ ነው የተወለደው። የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ ሰውየው ብቻ አይደለም።

ወረቀቱን ላክልኝ። አምስት ሳምንት አለህ።

ኢንኮሮናታ


ሮዛሪዮ፣ ሜይ 12 ቀን 1953

አክስቴ፣

ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ይህን ቃል መጻፌ ነው፤ እጄ እንግዳ ሆነብኝ። ጤናሽን እመኛለሁ።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አንድ ቀን ቆንስላው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ዘበኛው «እንኳን ደስ አለዎት ካቫሊየሬ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ፤ ባርኔጣዬን አንሥቼለት ተመለስኩ። ከሞንተፎርኖ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ካየሁ ተሻግሬ እሄዳለሁ። ስሜን ጮክ ብሎ የጠራኝ ሁሉ ልጅሽን የሚጠራ ይመስለኛል።

የምልሽን በክፉ አትይብኝ። አጽም ነው። ነፍሱ የትም ቢሆን ጌታ ያውቃታል። ካህኑም ይህንኑ ይሉሻል። እኔ ግን በሕይወት አለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ስማቸው ከስሜ ጋር ታስሯል። ይህ ነገር ከወጣ ጋብቻዬ በማን ስም ነው? ልጆቼ የማን ናቸው? ይተውት፣ ከሌሎቹ ጋር ይተኛ። ጁን 2 ቀን አደባባይ ቁሚልኝ፣ የሚያቀርቡልሽን ወረቀት «የካቫሊየሬው እናት» ብለሽ ፈርሚልኝ። ሌላ ነገር ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

ይቅር በዪኝ።

ላቪዬሮ


ሞንተፎርኖ፣ ሜይ 30 ቀን 1953

ላቪዬሮ፣

በጤናህ እንዳለህ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ስታነብ ተቀመጥ።

ደብዳቤህ በ24 ደረሰኝ። አጽም ነው ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነትህን ነው፣ አጽም ነው። አደባባዩም ላይ ልቆምልህ ወስኜ ነበር። ጥቁር ቀሚሴን ተኩሼ ኮከቡ የሚሰካበትን ቦታ በጣቴ ለክቼ ነበር፤ እንዳልዋሽህ።

ሜይ 28 ጠዋት ግን መቃብር ቦታው ሄድኩ። ጎረቤቴ የእናቷን አጽም ስለምታወጣ እሷን ለማገዝ የመጣሁ መሰልኩ። ቆፋሪው ኮሲሞ አጥንቱን እየለቀመ ነጭ አንሶላ ላይ ያስቀምጣል፣ ሴቶቹ በወይን ጠጅ ያጥባሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ስም ይጠራል። ማሬሻሎው አጥሩ አጠገብ ቆሟል። ምን ሊሠራ እንደመጣ አላወቅሁም። እኔም መሬት ተቀመጥኩ።

አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ለማጠብ የተነሣ የለም። ኮሲሞ የግራ ክንዱን አጥንት አወጣ። ጠማማ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ ነበር። ኮሲሞ አጥንቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አጠገቤ ጎንበስ አለ።

«ይህን ክንድ የጠገነው አባቴ ነው» አለኝ በለሆሳስ። አባቱ ወጌሻ ነበር።

«ዝም በል፣ ኮሲሞ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ እኮ። ሣጥኑን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ የዶናቶ ልጅ ቁመት እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ማለት ሰው ማዳን ነበር። ዛሬ ግን ይህን ወዴት ልጣለው? አንቺ ንገሪኝ።»

ጸሐፊው ጠራ። «ላቪዬሮ ላቤላ፣ የዶናቶ። ፈራሚ የለም። ወደ ጉድጓዱ።»

«ፈራሚ አለው» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

«ማን?»

«እናቱ።»

ጸሐፊው ሳቀ። «ኢንኮሮናታ፣ እናቱ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ፀሐይ መታሽ መሰለኝ። ለካቫሊየሬው እናት ጥላ አምጡላት።»

«የሞተችው የዶናቶ ልጅ እናት ናት። ይህ የቪቶ ልጅ ነው። እኔ ነኝ የወለድኩት። ጻፍ።»

«የቪቶ ልጅማ ማክሰኞ ኒሻን የሚሰጠው ነው።»

«እሱ የዶናቶ ልጅ ነው።»

የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸው ቆመ። ጎረቤቴ ቀሚሴን ጎትታ «ዝም በዪ እባክሽ» አለችኝ። ማሬሻሎው ከአጥሩ ዘንድ ቀስ ብሎ መጣ።

«እማማ፣ ይህ በመንግሥት መዝገብ ላይ የተደረገ ወንጀል ነው። የሚናገሩትን ያውቁታል?»

«አውቃለሁ።»

«ማን አደረገው?»

«እኔ።»

«መዝገቡ ላይ የፈረሙት ባልዎ ናቸው።»

«ቪቶ እምቢ ብሎ ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የዶናቶ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ቢይዙት ይገድሉት ነበር። አንዱን ቀብሬ ሌላውን ደግሞ አልቀብርም አልኩ።»

ይህ እውነት ነው፣ ላቪዬሮ። አንተ አታውቀውም። ጎተራው ውስጥ ሆነህ ቪቶ ሲያለቅስ የሰማኸው፣ አስገድጄው ስለነበር ነው። የልጄን ካፖርት ያለበስኩህም እኔ ነኝ። ስለዚህ ለሚጠይቅህ ሁሉ «አክስቴ አስገደደችኝ» በል። እኔም ይህንኑ እላለሁ፣ ፊርማዬንም አኖራለሁ።

ማሬሻሎው የተናገርኩትን ሁሉ ጻፈ፣ አስነበበኝ፣ ፈረምኩ። «ጉዳዩ እስኪታይ አጽሙ የትም አይጣልም» ብሎ ጸሐፊውን አዘዘው። አጠብኩት። ኮሲሞ በቪቶ ግድግዳ ውስጥ አስገባልኝ። ፍርድ ቤት እስኪወስን ድንጋይ አይቀረጽም ስላሉ ስሙን በኖራ ነው የጻፈው፤ የአባቱንም ጭምር።

የማሬሻሎው ወረቀት ትናንት ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ ፖቴንዛ ሄዷል። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። ለአንተ ደግሞ ከኔ የበለጠ እፈራለሁ። ወረቀታቸው ቆንስሉ ዘንድ ሳይደርስ ቀድመህ አንተው ሂድ። በራሱ እግር የመጣ ሰውና ተጎትቶ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም። ሰውየውን መምታትህም ዛሬ ወንጀል አይደለም፤ የሚያሳድዱህ የሉም። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ጁን 2። ደብዳቤውን ሳልዘጋው ዛሬ ደረሰ። አስተዳዳሪው አልመጣም። የሙዚቃ ጓዱ መጥቶ ተመልሷል። ዶን አኪሌ ብቻ የንጉሡን መስቀል ሰክቶ አደባባዩ ላይ እስከ ምሳ ቆመ። በመስኮት አየሁት። ባርኔጣውን አነሣልኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም።

ኢንኮሮናታ


ሮዛሪዮ፣ ጁን 11 ቀን 1953

አክስቴ ኢንኮሮናታ፣

እጅሽን እስማለሁ። ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ኤልቪራ ምን ሆንክ አለችኝ። ኮቴን አንሥቼ «ነዪ አብረን እንሂድ» አልኳት፤ ሁሉን ነገር የነገርኳት ትራም ውስጥ ነው። ሁለት ፌርማታ አለፍን። «ታዲያ ማንን ነው ያገባሁት?» አለችኝ። ሰው ያየናል አልኳት። «ይየን» አለችኝ።

ቆንስላው ዘንድ ያው ዘበኛ ከፍቶልን ገባን። የእኛ በዓል ለመጪው እሑድ ተላልፎ ነበርና ኮከቡ ገና ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሪባኑ እንደታጠፈ። ቆንስሉ ከፖቴንዛ ገና ምንም አልሰማም። ስነግረው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሣጥኑን ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ፓስፖርቴን ወሰደ። ከከተማው እንዳልወጣ አዘዘኝ። ምን እንደሚፈርዱብኝ፣ ጋብቻዬን፣ የልጆቼን ነገር፣ የሚያውቅ የለም። የልጄ እጮኛ ትናንት አልመጣም። ኤልቪራ ከልጆቹ ጋር ተኝታለች፣ ግን ቤት ውስጥ ናት።

አስገደደችኝ በል ብለሽ ነበር። አላልኩም። ካፖርቱን ስታለብሺኝ እጄን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ቆንስሉ ጸሐፊውን ጠርቶ ቃሌን እንዲቀበል አዘዘ። ወጣት ልጅ ነው፣ እዚህ የተወለደ፣ ነገሩን የማያውቅ። ስም አለኝ፤ ነገርኩት። የአባት ስም አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የአባቴን ስም በአፌ አልጠራሁትም ነበር፤ በጸሎት እንኳ። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀኝ። ኤልቪራ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ አልነካችኝም።

«ዶናቶ» አልኩት። አልሰማኝም፤ እንደገና አልኩት።

ላቪዬሮ ላቤላ፣ የዶናቶ ልጅ